የገበሎ አስተኔ እንስሳት ጥበቃ፡ ከግምት ወደ ማስረጃ

አዞ፣ ኤሊ፣ እባብና እንሽላሊትን የሚያጠቃልለው የገበሎ አስተኔ ክፍል በዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አነስተኛ ትኩረት ሲሰጠው ቆይቷል። ለአጥቢዎችና ለአእዋፍ ቀደም ብሎ የተካሄደው ዓይነት ሰፊ ዓለም አቀፍ ግምገማ ለእነዚህ እንስሳት ተጠናቅቆ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ በ2022 ነው። በ10 ሺህ 196 ዝርያዎች ላይ የተካሄደው ይኸው ግምገማ ከመቶ 21 ያህሉ የመጥፋት ስጋት ያንዣበበባቸው መሆኑን አመልክቷል። ከአዞ ወገን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ከኤሊ ወገን ደግሞ ግማሽ ያህሉ በዚህ ስጋት ውስጥ ይገኛሉ። ለዚህም የእርሻ መስፋፋት፣ የደን መመንጠር፣ የከተሞች እድገትና መጤ ዝርያዎች በዋና ምክንያትነት ተጠቅሰዋል።

በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ጥበቃ ሲባል አንድ እርምጃ ከተወሰደ በኋላ የእንስሳቱ ቁጥር፣ የመራባትና በሕይወት የመቆየት ሁኔታቸው እርምጃው ከመወሰዱ በፊት ከነበረው ወይም እርምጃው ካልተወሰደበት ተመሳሳይ ሥፍራ ጋር እየተነጻጸረ ውጤቱ የሚመዘንበት አሠራር ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በገበሎ አስተኔዎች ጥበቃ ላይ የተካሄዱ የዓለም ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ በ2021 ለኅትመት ያበቁት ለዚሁ ዓላማ ነው። በጎ የሚመስል ተግባር ሁሉ ውጤት ያመጣል ማለት አይቻልምና።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ የባሕር ዳርቻ የሚራባው ሎገርኸድ የተባለው የባሕር ኤሊ ነው። ጥበቃው ለዓመታት ያተኮረው በአሸዋ ውስጥ የሚጣሉትን እንቁላሎች ከአዳኝና ከሰው በመከላከል ላይ ነበር። ሆኖም ዲቦራ ክራውስ፣ ላሪ ክራውደርና ሃል ካስዌል እ.ኤ.አ በ1987 ባወጡት ጥናት የኤሊውን የሕይወት ዘመን በእድሜ ደረጃ ከፋፍለው ሲያሰሉ፣ እንቁላሎቹ በሙሉ ቢተርፉ እንኳ የቁጥሩ ማሽቆልቆል በዚህ ብቻ እንደማይገታ ደረሱበት። ኤሊው ለመራባት ከሃያ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሊፈጅበት ስለሚችል፣ ወሳኙ ጉዳይ በማደግ ላይ ያሉትና ያደጉት ኤሊዎች በሕይወት መቆየታቸው ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ደግሞ ሽሪምፕ ለማጥመድ በሚጎተቱ መረቦች ውስጥ እየታፈኑ ያልቁ ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካ ኤሊዎች ከመረብ የሚወጡበት የብረት ፍርግርግ እንዲገጠም የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። ጉዳዩ በዚህም አላበቃም፤ የመውጫው በር ለትላልቆቹ ኤሊዎች እንደሚጠባቸው በልኬት በመረጋገጡ እ.ኤ.አ በ2003 በሩ እንዲሰፋ ተደርጓል።

የመኖሪያ አካባቢን በሚመለከት ከደቡብ አፍሪካ የተገኘው ማስረጃ ለኢትዮጵያ ይበልጥ የቀረበ ነው፤ የሚያወሳው ስለ አባይ አዞ ነውና። የአዞ ጫጩት ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በጎጆው ሙቀት ነው። ሙቀቱ በግምት ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ወንዶች ይበዛሉ፤ ከዚያ ዝቅ ሲል የሚፈለፈሉት ሴቶች ናቸው። በሴንት ሉቺያ ሐይቅ ዳርቻ እ.ኤ.አ በ2001 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ክሮሞሌና የተባለው መጤ አረም ያጠላበት መሬት ፀሐይ ከሚያገኘው መሬት በ5 እና በ6 ዲግሪ መካከል ቀዝቅዞ መገኘቱን አሳይቷል። ይህም የጾታውን ሚዛን የሚያዛባ፣ ከዚያም አልፎ ጽንሱ ጨርሶ እንዳያድግ ሊያደርግ የሚችል ነው። አዞ የሚገድል ሰው በሌለበት ሥፍራ እንኳ በዝምታ የሚቀጥል ጉዳት ነው። የመጤ አረም ጉዳት በአገራችን የሚነገረው በአብዛኛው ከግጦሽ፣ ከሰብልና ከዓሣ አንጻር መሆኑን ልብ ይሏል።

ኢትዮጵያ በመጥፋት ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና እፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ስምምነት (ሳይተስ) የተቀበለችው እ.ኤ.አ በ1989 ነው። የአገሪቱ አዞዎች በስምምነቱ አባሪ 2 ውስጥ የሚገኙ በመሆናቸው ቆዳቸውን በቁጥጥር መሸጥ ይፈቀዳል። በአባያ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው የአርባ ምንጭ አዞ እርባታ ጣቢያ የተመሠረተውም ከሐይቆቹ ዳርቻ በሚሰበሰቡ እንቁላሎችና ጫጩቶች ላይ ነው። አሠራሩ ሳይንሳዊ መነሻ አለው። አንዲት አዞ በአንድ ጊዜ ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ብትጥልም ለአዋቂነት የሚበቁት ጫጩቶች እጅግ ጥቂት በመሆናቸው፣ ከፊሉን መውሰድ በዱር ያለውን ቁጥር የግድ አይቀንስም።

ይህ ስሌት ግን የሚያስኬደው ያደጉት አዞዎች በሐይቁ ውስጥ በሰላም ሲኖሩና የጎጆ ሥፍራዎቹ ሳይነኩ ሲቆዩ ነው። በጣቢያው ገንዳዎች ውስጥ ያሉት አዞዎች መብዛት በጫሞ ሐይቅ ስላሉት የሚናገረው ነገር የለም። ሁለቱ አኃዞች በአንድ ሪፖርት ውስጥ ተቀላቅለው መቅረብ የለባቸውም።

በሐይቅ ያሉትን ለማወቅ የሚያገለግለው የተለመደ ዘዴ የሌሊት ቆጠራ ነው። የአዞ ዓይን የባትሪ ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ ሆኖ ስለሚያንጸባርቅ ከጀልባ ላይ መቁጠር ይቻላል። ይሁን እንጂ ጠልቀው የሚያመልጡ ስለሚኖሩ፣ ማዕበልና የውኃው ከፍታም እይታውን ስለሚለውጡት የአንድ ሌሊት ቆጠራ ብቻውን ብዙ አይረዳም። ጠቃሚ የሚሆነው በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት፣ በተመሳሳይ መስመርና ዘዴ ሲደጋገም ነው። በመረብ ተይዘው የሚሞቱትን መመዝገብና የጎጆ ሥፍራዎችን በካርታ ላይ ማስፈርም አብሮ የሚሄድ ሥራ ነው።

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከወጣ፣ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ከተቋቋመ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሐይቅ ዳርቻ መሬት የሚመሩና የዓሣ ማስገር ፈቃድ የሚሰጡ ግን በአብዛኛው ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የጎጆ ሥፍራዎቹ ካርታና የዓመቱ ቆጠራ ውጤት ከውሳኔ በፊት በእነዚሁ መሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ሊገኝ ይገባል።