የገሊላዋ ጀልባ ዕድሜ እንዴት ተወሰነ?

የአንድ አሮጌ ጀልባ ዕድሜ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ቀላል መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የእንጨት ጀልባ እንደ ሕንፃ ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት የመሠረት ድንጋይ የለውም። ሳንቃው በየጊዜው ይለወጣል፤ አካሉ ይጠገናል፤ ከሌላ ጀልባ የተነቀለ እንጨትም ይገባበታል። ስለዚህ የእንጨቱ ዕድሜና የጀልባው ዕድሜ ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም። ይህን ችግር በግልጽ ከሚያሳዩት ምሳሌዎች አንዷ በገሊላ ባሕር ዳርቻ የተገኘችው ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ናት።

በ1978 ዓ.ም. በጥር ወር (እ.ኤ.አ. 1986) ድርቅ የሐይቁን ውሃ ዝቅ ባደረገው ጊዜ፣ ሁለት ወንድማማች ዓሣ አጥማጆች በጊኖሳር አጠገብ በጭቃ ውስጥ የተቀበረች ጀልባ አገኙ። ወሬው እንደ ተሰማም አንዳንዶች ወርቅ የጫነች ናት ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ክርስቶስ የተሳፈረባት ናት አሉ። በአርኪዎሎጂው ባለሙያ በሼሊ ዋክስማን የሚመራ ቡድን ውሃው ተመልሶ ሳይሸፍናት በጥድፊያ ቆፍሮ አወጣት። የተረፈው አካሏ 8.27 ሜትር ርዝመትና 2.3 ሜትር ወርድ ነበረው።

የመጀመሪያው ማስረጃ አሠራሯ ነው። ሳንቃዎቿ የተያያዙት በጠርዛቸው በተፈለፈለ ቀዳዳ ውስጥ የእንጨት ምላስ ገብቶ፣ ምላሱም በእንጨት ችንካር ተጠብቆ ነው። በኋለኛው ዘመን ልማድ የጎን አጥንቱ ቀድሞ ይቆምና ሳንቃው ይለብስበታል፤ በጥንቱ ዘዴ ግን ሳንቃው ቀድሞ ተያይዞ አጥንቱ በኋላ ይገባል። ይህ የጀልባዋን ጥንታዊነት ያረጋግጣል። ነገር ግን ዘዴው በሜዲትራኒያን አካባቢ ከ1,000 ዓመት በላይ የተሠራበት ስለሆነ ዘመኑን አያጠብም።

ሁለተኛው ማስረጃ በአጠገቧ የተገኙት የሸክላ ድስትና የዘይት መብራት ናቸው። ቅርጻቸው በክርስቶስ ልደት ዘመን አካባቢ የነበረ ነው። ሆኖም የሸክላ ዕቃን ውሃ ከሌላ ስፍራ ሊያመጣው ይችላል።

ሦስተኛው የካርቦን 14 ምርመራ ነው። ይህ ንጥረ ነገር በ5,730 ዓመት ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከቀሪው መጠን ዕድሜ ይሰላል። ውጤቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት 40 ዓመት፣ ከ80 ዓመት ግራና ቀኝ ልዩነት ጋር ሆነ፤ ይኸውም ከልደት በፊት ከ120 እስከ ልደት በኋላ 40 ማለት ነው። ግን ስሌቱ የሚነግረን ዛፉ ያደገበትን እንጂ አናጢው መጥረቢያውን ያነሣበትን ቀን አይደለም።

እዚህ ላይ የጥንት መርከቦች አሠራር ሊቅ የሆነው የሪቻርድ ስቴፊ ምርመራ ትልቅ ዋጋ አለው። የታችኛው አከርካሪ የፊት ክፍል ከሌላ አሮጌ ጀልባ የተወሰደ መሆኑን በላዩ ከቀሩት ቀዳዳዎች ዐወቀ። ዋናዎቹ እንጨቶች የሊባኖስ ዝግባና ኦክ ቢሆኑም፣ በጠቅላላው 12 ዓይነት እንጨት ተቆጥሯል፤ ይህም ባለቤቱ ያገኘውን ሁሉ እየለጠፈ ለብዙ ዓመታት እንደ ጠገናት ያስረዳል። በመጨረሻም የሸራው ምሰሶ መቆሚያና ሌሎች ጠቃሚ ክፍሎች ተነቅለው አካሏ በሐይቁ ተጥሏል።

ሦስቱ ማስረጃዎች እያንዳንዳቸው ደካማ ጎን አላቸው፤ ግን አንዱ ከሌላው ሳይበደር ሁሉም ወደ አንድ ዘመን ያመለክታሉ። የውሳኔው ጥንካሬም ከዚህ ስምምነት የመጣ ነው። ክርስቶስ ተሳፍሮባት እንደ ሆነ ግን ምርመራው አይናገርም፤ በዚያ ዘመን በዚያ ሐይቅ እንዲህ ያለ ጀልባ ይሠራ እንደ ነበር ብቻ ይመሰክራል። ዛሬ በጊኖሳር ለሕዝብ የምትታየው ጀልባ ለባለሙያ የምትሰጠው ትምህርት ይኸው ነው፤ ቁጥር ከነልዩነቱ ይነገር፤ ማስረጃው ከሚሸከመው በላይም አይጫንበት።