ጕልሕና ደማቅ፤ የወፍራም ማተሚያ ፊደል ታሪክና ስያሜ

በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ የአንባቢው ዐይን በመጀመሪያ የሚያርፈው በትርጓሜው ላይ ሳይሆን በመሪ ቃሉ ላይ ነው። መሪ ቃሉ ከሌላው ጽሑፍ ተለይቶ እንዲታይ ከሚደረግባቸው ዘዴዎች ዋነኛው ግርፉ በወፈረ ፊደል ማተም ነው። ይህ ፊደል ግን በአማርኛ አንድ የረጋ ስም የለውም፤ አንዱ «ወፍራም»፣ ሌላው «ደማቅ»፣ ሦስተኛው «ጕልሕ» ይለዋል። ከስያሜዎቹ አንዱን ለመምረጥ አስቀድሞ የነገሩን ታሪክ መመርመር ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በአውሮፓ የሕትመት ታሪክ ለዚህ ተግባር ከተቀረጹት ፊደላት ውስጥ ስሙ በቀዳሚነት የሚነሣው ክላረንደን ነው። ይህ ፊደል በ1845 በለንደን ከተማ በሮበርት ቤስሊ አሳቢነትና በቤንጃሚን ፎክስ ቀራጭነት ወጣ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ወፋፍራም ፊደላት በአብዛኛው ለግድግዳ ማስታወቂያ የሚያገለግሉ ነበሩ። ክላረንደን ግን ከተራው የላቲን ፊደል ጋር በአንድ መስመር ተሰልፎ፣ ቁመቱን ሳይበልጥ፣ በውፍረቱ ብቻ እንዲለይ ሆኖ የተሠራ ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ የንድፍ ሕግ ተመዝግቦ የሦስት ዓመት ጥበቃ ቢያገኝም፣ ጊዜው እንዳለቀ ሌሎች ቀራጮች አስመስለው አወጡት። የመጀመሪያ ክፍሉ በ1884 የታተመው የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም መሪ ቃሎቹን ያሳተመው በዚህ ዓይነት ፊደል ነው።

የክላረንደን ፊደላት በግርፋቸው ጫፍ አጭር አግድም ጭረት አላቸው። ጭረቱ በልብስ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለውን ዘርፍ ስለሚመስል፣ እንዲህ ያለውን ፊደል «ባለዘርፍ ፊደል» ማለት ይቻላል። ዘርፍ በሰዋስው ሌላ ትርጉም ቢኖረውም «ባለ» ሲቀድመው አያሻማም። የግእዝ ፊደል ግን በመሠረቱ ባለዘርፍ አይደለም፤ የግርፉ መወፈርና መቅጠን የመጣው ከመቃ ብርዕ አቆራረጥና አያያዝ ነው።

በአገራችን የብራና ጽሕፈትም የፊደል ውፍረት ጥንታዊ ስም አለው። ከ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በጎንደር ዘመን የተስፋፋው ትልቅና ወፍራም አጻጻፍ «ጕልሕ» ሲባል፣ ቀጭንና ደቃቁ «ረቂቅ» ይባላል። ይሁን እንጂ ጸሐፊው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በጕልሕ ይጽፈው ነበር እንጂ አንድን ቃል ከሌላው ለመለየት ብሎ አያወፍረውም። የመለየቱ ሥራ የቀይ ቀለም ነበር፤ የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የጻድቃን ስምና የምዕራፍ መክፈቻ በቀይ ይጻፉ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን በ1513 በሮም ያሳተመው የግእዝ መዝሙረ ዳዊትም በጥቁርና በቀይ ቀለም የወጣ ነው። ነገር ግን ሁለት ቀለም ማተም ድካምንና ወጪን ስለሚጨምር፣ በዘመናዊው ሕትመት የቀይ ቀለምን ሥራ ወፍራም ፊደል ወረሰ።

እንግዲህ ወፍራም ፊደል መልኩን ከጕልሕ፣ ተግባሩን ከቀይ ቀለም አግኝቷል ማለት ነው። «ደማቅ» የሚለው ስያሜ ተግባሩን ብቻ ያመለክታል፤ ድምቀት የቀለም ጠባይ ነውና። ወፍራም ፊደል በግራጫ ቀለም ቢታተም ድምቀቱን ያጣል፤ ውፍረቱን ግን አያጣም። ስለዚህ ለቅርጹ «ጕልሕ ፊደል» የተሻለ ስም ሆኖ እናገኘዋለን።

በስያሜው መካከል ያለው ልዩነት የሥራም ልዩነት መሆኑ ከአማርኛ ውጭ ጎልቶ ይታያል። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በግምጃ ቤት አካባቢ የሚነገረው አውጚ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ የሆነ ቋንቋ ነው። ቋንቋው በአማርኛ የሌለ፣ በአፍንጫ የሚወጣ የላንቃ ድምፅ ስላለው ይህ ድምፅ በጘ ይጻፋል። ጘ ከገ የሚለየው በጥቂት ጭማሪ ብቻ ነው። የቋንቋው ስም ራሱ ይህን ፊደል ስለሚይዝ ጭማሪው ከጠፋ «አውጚ» «አውጊ» ሆኖ ይነበባል።

ጘ ከነዘሩ በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛው እትም ውስጥ ስለገባ ቁጥሩ ተረጋግጧል፤ ቅርጹ ግን በየቅርጸ ፊደሉ ቀራጭ እጅ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2007 ለገበያ የቀረበው ኒያላ በአንድ ውፍረት ብቻ የተሠራ ነው። እንዲህ ባለው ቅርጸ ፊደል «ደማቅ» የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ ኮምፒዩተሩ ያንኑ ቀጭን ፊደል ዙሪያውን ያብጠዋል እንጂ አዲስ አይቀርጽም። በዚህም የፊደሉ ውስጣዊ ክፍተት ይጠባል፤ ልዩ ምልክቱም ከግንዱ ጋር ይጣበቃል። እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጲክ ባሉት ግን እያንዳንዱ ውፍረት ለብቻው ስለተሰናዳ ክፍተቱ ይጠበቃል። የመጀመሪያው የደመቀ፣ ሁለተኛው ጕልሕ ነው።

ግምጃ ቤት የከበረ ልብስና ዕቃ የሚጠበቅበት ቤት ነው፤ መዝገበ ቃላትም የቋንቋ ግምጃ ቤት ነው። በግምጃ ቤት ከተማ የሚማር ልጅ መዝገበ ቃላት ሲገልጥ የቋንቋውን ስም በትክክል ሊያነብ ይገባዋል። ስለዚህ አዘጋጆች የመሪ ቃል ፊደል ከመምረጣቸው በፊት ጊን እና ጚን በሚታተሙበት መጠን ጎን ለጎን አሳትመው ቢመለከቱ መልካም ነው። ሁለቱ በግልጽ ካልተለዩ ፊደሉ ደምቋል እንጂ አልጐላም።