ከትርፍ መስጠት ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ?



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን አንድ ነገር ሳይቋጭ ቀርቷል። ገንዘብ ያዣችን ከዓመቱ ወጪ የተረፈውን ሒሳብ አንብበው ሲጨርሱ አንድ አባታችን ተነሥተው «ከዚህ ላይ ለነዚያ ከእድር ለተሰረዙት እናት እናስብላቸው» አሉ። ወዲያው ከኋላ «ምጽዋት ከሆነ ሁሉም ከኪሱ ይስጥ፤ የእድር ገንዘብ የከፋዩ ነው» የሚል መልስ መጣ። እዚህ ለቡ መብራት ኃይል የቡና ላይ ወሬው እስካሁን ይኸው ነው። እኛም ነገሩን ከታሪክ አንጻር ልናየው ወደድን።

ድሮ ባለጸጋው ትርፉን ከሚያወጣባቸው መንገዶች አንዱ ተዝካር ነበር። ሠንጋ ይጣላል፣ ጠላ ይጠመቃል፤ ካህናትና ዘመድ ከበሉ በኋላ ነዳያን ይበላሉ። በዚያን ቀን ደኻው ይጠግባል። በማግስቱስ? መቼና ስንት እንደሚሰጥ የሚያውቀው ሰጪው ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ይመርቃል እንጂ አይጠይቅም። (ለተዝካር ተበድሮ ልጆቹን ባለዕዳ ያደረገም ነበር፤ እሱስ ትርፍ አይባልም።)

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ «ትርፍ» የሕግ ቃል ሆነ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከልክሎ የቀረውን «ትርፍ ቤት» ብሎ ለመንግሥት አደረገው። ኪራይም ተቀነሰ። ተከራዩ እፎይ አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። ዳሩ ግን ሁለት ክፍል አከራይታ የምትኖር ባልቴትም ብዙ ቪላ ካለው ሰው እኩል ባለትርፍ ተባለች። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩ ለጥገና ስለማይበቃ ብዙዎቹ እላያችን ላይ አረጁ። ያኔ የተወሰደበት እንጂ የሰጠ የሚባል ሰው አልነበረም።

እድር ከሁለቱም ይለያል። በአዲስ አበባ በሰፊው የተስፋፋው በጠላት ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከየአገሩ መጥቶ ዘመድ የራቀው ከተሜ ቀባሪ እንዳያጣ። መዋጮውን የከፈለ «መጸወትኩ» አይልም፤ ድንኳን የተተከለለትም ለማኝ አይባልም። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ግዴታ ነው፣ ግን ራሳችን በራሳችን ላይ የጣልነው። ጉድለቱስ? መክፈል ያቃተውን እንሰርዛለን፤ ማለትም ሰውን የምንለየው በጣም በቸገረው ጊዜ ነው።

«ትርፉ ከየት ይጀምራል?» ለሚለን የወይዘሮ አበበች ጎበናን እናስታውሰው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሲሄዱ በረሃብ የተጎዳ ሕዝብ አገኙ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ነው፤ ያንኑ አካፈሉ፣ ሕፃናትም ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ልጆቹ ሲበዙ ቤተሰቡ አልቀበል ስላለ ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በድርጅታቸው አድገዋል። ነገሩ ምጽዋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዳቦውን አካፍለው በተመለሱ ነበር።

ወደ እኚያ እናታችን እንመለስ። ከመሰረዛቸው በፊት 19 ዓመት ከፍለዋል፤ የስንቶቻችንን ወላጆች በሳቸው መዋጮ ቀብረናል። እንግዲህ «የከፋዩ ነው» ከተባለ እሳቸውም ከፋይ ናቸው። ለሚቀጥለው ጉባኤ ጸሐፊያችን አሮጌውን መዝገብ ይዘው እንዲመጡ ጠይቀናል።