«ስርጉድ» ስለሚለው ቃል ትርጓሜና አገባብ

የቅርጽ ስሞች ለመናገር ይቀላሉ፤ ለመተርጐም ግን ይከብዳሉ። ክብ ወይም አራት ማዕዘን ቢባል ሰሚው ወዲያው ያስተውላል። ወደ ውስጥ የገባውን ነገር ግን አንዱ ባዶ፥ አንዱ ጎድጓዳ፥ ሌላው ስርጉድ ይለዋል። ሦስቱ ስሞች ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን ያልለየ ተርጓሚ የመጽሐፍን ነገር ሊያፋልስ ይችላል።

ባዶ የሚባለው፥ ቅርጹ ምንም ቢሆን፥ በውስጡ አንዳች ነገር የሌለበት ነው። ጎድጓዳ የሚባለው ጥልቀት ያለው ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ቢሆንም ጎድጓዳ ከመባል አይከለከልም። ስርጉድ ግን «ሰረጐደ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፥ ሰው ሲሥቅ በጉንጩ ላይ እንደሚታየው፥ ዳሩ ከፍ ብሎ መካከሉ እየጐበጠ ወደ ውስጥ የገባ ገጽ ነው። ተቃራኒው ወደ ውጭ የወጣው ጎባጣ ነው። የቅዳሴውን ጻሕል የተመለከተ ሰው ሁለቱን በአንድ ዕቃ ያገኛቸዋል፤ ኅብስቱን የሚቀበለው ውስጡ ስርጉድ፥ ከታች ያለው ጀርባው ጎባጣ ነው።

የጽርእ ሰዎች ባዶውንም ስርጉዱንም ኮይሎስ በሚል በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር። ሮማውያን ካውስ ከሚለው፥ ትርጓሜው ባዶ ከሆነው ቃላቸው ኮንካውስ የሚለውን አወጡ፤ የዛሬዎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች የስርጉድን ስም የወሰዱት ከዚህ ነው። የዐረብ ሊቃውንት ግን ቃሉን ከሁለት ከፈሉት። ውስጡ ባዶ የሆነውን ሙጀወፍ፥ ገጹ ወደ ውስጥ የጐበጠውን ሙቀዐር አሉት፤ ይኸውም ቀዕር፥ ማለት የነገር ታች ወይም ጥልቀት፥ ከሚለው የወጣ ነው። በዕብራይስጥም ስርጉዱ ቃዑር ይባላል። የዘሩ ጥንታዊነት በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 7 ይታወቃል፤ 12ቱ አለቆች እያንዳንዳቸው ያቀረቡት፥ ሚዛኑ 130 ሰቅል የሆነው የብር ወጭት በዕብራይስጡ ቀዓራ ይባላል።

የአንድ ቃል ሁለት ትርጓሜ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 27 ይታያል። የመሥዋዕቱ መሠዊያ ከሳንቃ ተሠርቶ ውስጡ ባዶ እንዲሆን ታዝዟል። ሰባው ሊቃናት ይህን ኮይሎን ብለው ተረጐሙት። ከጽርእ የሚተረጉም ሰው ቃሉን ብቻ አይቶ «ስርጉድ» ቢለው መሠዊያውን ወጭት ያደርገዋል። በዚያው ምዕራፍ ግን ርዝመቱ 5 ክንድ፥ ወርዱ 5 ክንድ፥ ቁመቱ 3 ክንድ፥ ቅርጹም አራት ማዕዘን እንደ ሆነ ተጽፏል። እንግዲህ በዚህ ቦታ ኮይሎን ባዶ ማለት ነው፤ የዕብራይስጡ ነቡብ የሚለው ቃልም ይህንኑ ያጸናል።

ሁለተኛው ምስክር በቤተ መቅደሱ አደባባይ የነበረው የናስ ኩሬ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 7 እንደ ተጻፈ፥ ከዳር እስከ ዳር 10 ክንድ፥ ዙሪያው 30 ክንድ ነበረ። የሒሳብ ሰዎች ይህን አይተው ይጠይቃሉ፤ መካከሉ 10 ክንድ የሆነ ክብ ዙሪያው ከ31 ክንድ ይበልጣልና። ነገር ግን ያው ምዕራፍ የኩሬው ውፍረት አንድ ጋት እንደ ነበረ ይናገራል። የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ፥ ዔሩቢን በተባለው ክፍል፥ ይህንኑ መርምረው ዙሪያው የተቈጠረው ከውስጥ ነው የሚል መልስ ሰጥተዋል። አንድ ክንድ 6 ጋት ቢሆን፥ 10ሩ ክንድ ከውጭ ወደ ውጭ ቢለካ፥ የውስጡ ወርድ 9 ክንድ ከ4 ጋት ይሆናል፤ ዙሪያውም 30 ክንድና ጥቂት ነው። ትርፉ ጨርሶ ባይጠፋም እጅግ ያንሳል። ስርጉዱን ገጽ ከጎባጣው ገጽ ለይቶ መናገር እንግዲህ የቃል ጨዋታ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል የናሱ ውፍረት አለና።

ቃሉ ከዚያ በኋላ ወደ ብርሃን ጥበብ ገባ። በ1040 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ አቈጣጠር ያረፈው ኢብን አል-ሀይሠም የፀሐይን ጨረር ወደ አንድ ነጥብ ሰብስበው ስለሚያቃጥሉ ስርጉድ መስተዋቶች ጽፏል። በ1604 ዓ.ም. ደግሞ ዮሐንስ ኬፕለር፥ የቅርቡን እያየ የሩቁን ለማያይ ሰው ስርጉድ መነጽር የሚረዳበትን ምክንያት በመጽሐፉ ገለጠ። በዚህ ላይ አንድ ማስተዋል ይገባል። ስርጉድ መስተዋት ብርሃንን ይሰበስባል፤ ስርጉድ መነጽር ግን ይበትናል። ስሙ የቅርጽ ስም እንጂ የሥራ ስም አይደለምና፥ አንዱን አይቶ በሌላው መፍረድ ስሕተት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የቃሉን ክብደት የሚያሳየው ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ነው። ባለቤቱ በቤቴ ደዌ የሚመስል ነገር ታየኝ ብሎ ለካህኑ ሲነግር፥ ቤቱ ባዶ ይደረጋል፤ ካህኑም ገብቶ ግድግዳውን ያያል። በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ስርጉድ ቢገኝ፥ መልኩም ከግድግዳው ገጽ ዝቅ ያለ ቢሆን፥ ወጥቶ ቤቱን 7 ቀን ይዘጋዋል። በዕብራይስጡ ያ ዝቅታ ሸቀዓሩሮት ይባላል፤ ብዙዎች ሊቃውንት ከወጭቱ ስም ከቀዓራ ጋር ከአንድ ዘር ይቈጥሩታል። ደዌው ተመልሶ ቢወጣ ድንጋዩም እንጨቱም ምርጊቱም ፈርሶ ከከተማ ውጭ ይጣላል።

ካህኑ እንግዲህ ቀለሙን ብቻ አይቶ አይፈርድም፤ ገጹ ገብቷል ወይስ አልገባም ብሎ መለየት ነበረበት። ጥላውን ስርጉድ ቢለው ንጹሕ ሰው ከቤቱ ይወጣል፤ ስርጉዱን ጥላ ቢለው ደዌው በቤቱ ይቀራል። ተርጓሚም እንዲሁ ነው። ባዶ በሚለው ስፍራ ባዶ፥ ስርጉድ በሚለው ስፍራ ስርጉድ ሊል ይገባዋል፤ ይህንንም ከአንዱ ቃል ብቻ ሳይሆን፥ ከላይና ከታች የተጻፈውን አይቶ፥ ልኩንም ቈጥሮ ይወስን።