የማነጣጠር እገዛ

የማነጣጠር እገዛ፣ በተጫዋቾች ዘንድ በተለምዶ ኤይም አሲስት የሚባለው፣ በቪዲዮ ጨዋታዎች በተለይም በኮንሶል በሚደረጉ የተኩስ ጨዋታዎች ውስጥ ተጫዋቹ መሣሪያውን ወደ ዒላማው እንዲያነጣጥር ሶፍትዌሩ የሚሰጠው ድጋፍ ነው። እገዛው በጨዋታው አዘጋጆች የተሠራና ለሁሉም የተፈቀደ የጨዋታው አካል ነው። ስለዚህ ከውጭ በሚጫን ፕሮግራም ከሚደረገውና ኤይምቦት ከሚባለው ማጭበርበር ይለያል። ኤይምቦት በተጫዋቹ ፈንታ ያነጣጥራል፤ የማነጣጠር እገዛ ግን ተጫዋቹ ራሱ የጀመረውን እንቅስቃሴ ያቃናል።

ተጋጣሚዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መቆጣጠሪያ ይዘው በሚጫወቱበት ዘመን እገዛው ብዙም አያከራክርም ነበር፤ ለሁሉም እኩል ይደርስ ነበርና። የኮንሶልና የኮምፒውተር ተጫዋቾች በአንድ ግጥሚያ መገናኘታቸው ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየተስፋፋ ሲመጣ ግን፣ ማሽኑ ለአንዱ ወገን ምን ያህል ቢያግዝ ውድድሩ ፍትሐዊ ይሆናል የሚለው ጥያቄ የዘርፉ ዋና መከራከሪያ ሆነ።

አስፈላጊነቱ

የእገዛው መነሻ በማውስና በጆይስቲክ መካከል ያለው የአሠራር ልዩነት ነው። በማውስ የሚጫወት ሰው እጁን በጠረጴዛው ላይ ባንቀሳቀሰው ርቀት መጠን በስክሪኑ ላይ ያለው እይታ ይዞራል። እጁ ሲቆም እይታውም ወዲያው ይቆማል። በጆይስቲክ ግን እይታውን የሚያዞረው በአውራ ጣት የሚገፋ አጭር ዘንግ ነው። ዘንጉ የሚወስነው ርቀትን ሳይሆን ፍጥነትን ነው። ትንሽ ከተገፋ እይታው በዝግታ፣ ብዙ ከተገፋ በፍጥነት ይዞራል፤ የሚቆመውም ዘንጉ ወደ መሃል ሲመለስ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ዒላማው ላይ ለመቆም ዘንጉን የሚለቅበትን ቅጽበት አስቀድሞ መገመት ይኖርበታል።

በዚህ ላይ ሌሎች ችግሮች ይጨመራሉ። ዘንጉ የሚንቀሳቀስበት ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። ማውስ በክንድ፣ በእጅ አንጓና በጣቶች ኃይል ሲመራ፣ ዘንጉን የሚመራው አንድ አውራ ጣት ብቻ ነው። በተጨማሪም ዘንጎች ሲለቀቁ በትክክል ወደ መሃል ስለማይመለሱ፣ ጨዋታዎች በመሃል አካባቢ ያለውን ጥቃቅን ንክኪ ሆን ብለው ቸል ይላሉ። በዚህ ምክንያት ለማነጣጠር በጣም የሚያስፈልገው ጥቃቅን ማስተካከያ ለጆይስቲክ ተጫዋች አስቸጋሪ ይሆናል። የማነጣጠር እገዛ የተፈጠረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

የአሠራር ዓይነቶች

የማነጣጠር እገዛ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ የተለያዩ ዘዴዎችን ያቀፈ ነው። አብዛኞቹ ጨዋታዎች ከሚከተሉት ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ያጣምራሉ።

ማዘግየት፦ የማነጣጠሪያው ምልክት በባላጋራው ላይ ወይም በአቅራቢያው ሲያልፍ የእይታው መዞር ቀስ ይላል። ተጫዋቹ ዒላማውን አልፎ እንዳይሄድ ይረዳዋል። ከሁሉም ቀላሉና በሰፊው የተለመደው ዘዴ ይህ ነው።

አብሮ መዞር፦ ባላጋራው ወደ ጎን ሲሄድ ወይም ተጫዋቹ ራሱ ሲንቀሳቀስ፣ ሶፍትዌሩ እይታውን በተወሰነ መጠን ከዒላማው ጋር ያዞረዋል። በብዙ ጨዋታዎች ይህ የሚሠራው ተጫዋቹ ከዘንጎቹ አንዱን እያንቀሳቀሰ ከሆነ ብቻ ነው። ከፍተኛውን ክርክር ያስነሳውም ይህ ዓይነት ነው።

ወደ ዒላማ መዝለል፦ ተጫዋቹ የመሣሪያውን መነጽር ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ምልክቱ በቅርብ ወዳለው ባላጋራ በቅጽበት ይዘላል። በኮል ኦፍ ዲዩቲ ተከታታይ ጨዋታዎች፣ ሰው ከኮምፒውተር ጋር በሚጫወትባቸው ክፍሎች ይታወቃል። በሰዎች መካከል በሚደረጉ ግጥሚያዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም።

ጥይት መሳብ፦ እይታው ሳይነካ፣ ዒላማውን በጥቂቱ የሳተ ጥይት እንደመታ ይቆጠራል። ይህ ስክሪኑ ላይ ስለማይታይ ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ አያስተውለውም።

አዘጋጆቹ እያንዳንዱን ዘዴ በመጠን ይወስኑታል። እገዛው ከዒላማው ምን ያህል ርቀት ላይ እንደሚጀምር፣ በዒላማው ዙሪያ ምን ያህል ቦታ እንደሚሸፍን፣ በየትኛው መሣሪያ እንደሚበረታና በየትኛው እንደሚደክም በቁጥር ይቀመጣል። ዒላማው ከግድግዳ ጀርባ ሲሆን እገዛው በአብዛኛው ይቋረጣል፤ አለበለዚያ የተደበቀውን ሰው ቦታ ያጋልጥ ነበር። እገዛው ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለትም አይደለም። ሁለት ባላጋራዎች ሲተላለፉ ምልክቱን ተጫዋቹ ካልፈለገው ሰው ጋር ሊወስደው ይችላል።

ታሪክ

ሐሳቡ ከኮንሶል የተኩስ ጨዋታዎች መስፋፋት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1993 ለኮምፒውተር የወጣው ዱም ተጫዋቹ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲያይ አይፈቅድም ነበር። ባላጋራው ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ሲቆም ጨዋታው ራሱ ጥይቱን ወደዚያ ከፍታ ይመራዋል፤ ከተጫዋቹ የሚጠበቀው ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መዞር ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1997 ለኒንቴንዶ 64 የወጣውና ሬር በተባለው ኩባንያ የተሠራው ጎልደንአይ 007፣ የተኩስ ጨዋታ በኮንሶልም ሊወደድ እንደሚችል ካሳዩት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። የኒንቴንዶ 64 መቆጣጠሪያ አንድ ዘንግ ብቻ ስለነበረው ጨዋታው ራሱን የቻለ የማነጣጠር እገዛ ነበረው። በዚያው ዓመት ሶኒ ለፕሌይስቴሽን ሁለት ዘንግ ያላቸውን መቆጣጠሪያዎች ለገበያ አቀረበ። ዛሬ የተለመደው አሠራር፣ ማለትም በግራው ዘንግ መራመድና በቀኙ ማየት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ኤሊየን ሬዘሬክሽን ውስጥ ይገኛል። በጊዜው ግን ሁለት ዘንግ በአንዴ መምራት ለብዙዎች እንግዳና አስቸጋሪ ነበር።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጋር የወጣው ሃሎ፦ ኮምባት ኢቮልቭድ ለዚህ ችግር መፍትሔ በማበጀት ይጠቀሳል። አዘጋጁ ባንጂ ማዘግየትን፣ አብሮ መዞርንና ጥይት መሳብን በአንድ ላይ አቀናጅቶ፣ ተጫዋቹ የራሱ ችሎታ እንጂ የማሽኑ እገዛ እንዳልሆነ እስኪሰማው ድረስ አለዘበው። ከዚያ በኋላ የመጡት የኮንሶል የተኩስ ጨዋታዎች አብዛኞቹ ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል።

የኮንሶልና የኮምፒውተር ተጫዋቾች መገናኘት

ሁለቱን ወገኖች በአንድ ግጥሚያ ለማገናኘት ቀደም ብለው ከሞከሩት ጨዋታዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ2007 የኤክስቦክስ 360 እና የዊንዶውስ ቪስታ ተጫዋቾችን ያጋጠመው ሻዶውረን ይገኛል። አሠራሩ በስፋት የተለመደው ግን ሶኒ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የፕሌይስቴሽን ተጫዋቾች ፎርትናይትን ከሌሎች መሣሪያዎች ተጫዋቾች ጋር እንዲጫወቱ ከፈቀደ በኋላ ነው። ኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ሞደርን ዋርፌር እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኤፔክስ ሌጀንድስ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ኦቨርዋች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ተከተሉ።

ኩባንያዎቹ ለተፈጠረው አለመመጣጠን የሰጡት መልስ የተለያየ ነው።

አንዳንዶቹ ተጫዋቾችን በሚጠቀሙበት መቆጣጠሪያ ይለያሉ። ሞደርን ዋርፌር ሲወጣ ጆይስቲክ የያዙትን ከጆይስቲክ፣ ማውስ የያዙትን ከማውስ ጋር ብቻ መጫወት የሚያስችል ምርጫ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሃሎ ኢንፊኒትም ደረጃ በሚሰጥባቸው ግጥሚያዎች ተመሳሳይ ክፍፍል አድርጎ ነበር።

ሌሎች እገዛውን አጥፍተዋል። ኦቨርዋች ሁለቱን ወገኖች ሲያገናኝ፣ ከኮምፒውተር ተጫዋቾች ጋር የሚጫወቱ የኮንሶል ተጫዋቾች እገዛውን እንዳያገኙ አደረገ፤ ደረጃ የሚሰጥባቸውን ግጥሚያዎችም ለየብቻ አስቀመጠ። በኋላ በኦቨርዋች 2 ደረጃ በማይሰጥባቸው ግጥሚያዎች እገዛው ተመልሷል። የዩቢሶፍት ሬይንቦው ሲክስ ሲጅ ደግሞ ከመጀመሪያውም በኮንሶል ላይ በሰዎች መካከል በሚደረጉ ግጥሚያዎች የማነጣጠር እገዛ አልነበረውም።

ሦስተኛው መንገድ መጠኑን መቀነስ ነው። በኤፔክስ ሌጀንድስ የእገዛው ኃይል በኮንሶል 0.6፣ በኮምፒውተር ግጥሚያዎች ደግሞ 0.4 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የኋለኛው በ25 በመቶ ተቀንሶ 0.3 ሆኗል። በፎርትናይት ቀደም ሲል የማነጣጠሪያውን ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን ምልክቱን ወደ ባላጋራው መሳብ ይቻል ነበር፤ ኤፒክ ጌምስ ይህን የቆየ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2020 አስወግዶታል።

ውዝግብ

የተቃዋሚዎች ዋና መከራከሪያ ጊዜ ነው። ሰው በዓይኑ ያየውን ለውጥ አውቆ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ ወደ 0.2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጨዋታ ውስጥ ግን ከአንዱ ምስል እስከሚቀጥለው ያለው ጊዜ ከ0.017 ሰከንድ አይበልጥም፤ አብሮ መዞር የሚባለው እገዛም የሚሰላው በዚህ ፍጥነት ነው። በቅርብ ርቀት የሚዋጋ ባላጋራ በድንገት አቅጣጫ ሲቀይር የማውስ ተጫዋቹ አይቶ፣ ወስኖ እጁን እስኪያዞር ይዘገያል። የጆይስቲክ ተጫዋቹ እይታ ግን ሰውየው ሳያስብ በከፊል መዞር ጀምሯል። በዚህ አስተያየት መሠረት ማሽኑ እዚህ ላይ የጆይስቲኩን ጉድለት ብቻ ሳይሆን የሰውን የተፈጥሮ ዝግመትም ይሸፍናል።

የደጋፊዎች መልስ ማነጣጠር ከጨዋታው አንዱ ክፍል ብቻ ነው የሚል ነው። እገዛው ምልክቱን ዒላማው አጠገብ ያላደረሰ ተጫዋች አይጠቅመውም። በሩቅ ርቀት ማውስ ብልጫውን እንደያዘ ይቆያል፤ ወደ ኋላ በፍጥነት ለመዞር፣ ዕቃ ለማንሳትና መሣሪያ ለመቀያየርም ማውስና ኪቦርድ ይቀላሉ። እገዛው ፈጽሞ ቢነሳ የጆይስቲክ ተጫዋቾች ከማውስ ጋር የሚወዳደሩበት መንገድ አይኖራቸውም ይላሉ።

ሁለቱም ወገኖች በየፊናቸው እውነት ስላላቸው ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር አልተገኘም። ባላጋራን ለመግደል ብዙ ጥይት በሚጠይቁና ውጊያቸው በቅርብ ርቀት በሆነ ጨዋታዎች አብሮ መዞር ከፍ ያለ ጥቅም ይሰጣል። በአንድ ጥይት በሚያበቁና ርቀት በሚበዛባቸው ጨዋታዎች ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ጉዳዩ የገንዘብ ሽልማት ያላቸውን ውድድሮች ስለሚነካ፣ አንድ ጨዋታ ቁጥሩን በትንሹ በለወጠ ቁጥር ባለሙያ ተጫዋቾች ከማውስ ወደ ጆይስቲክ ወይም ከጆይስቲክ ወደ ማውስ ስለመቀየር ይከራከራሉ።

እገዛውን ያለአግባብ መጠቀም

ከውዝግቡ ጎን ለጎን ከውጭ የሚገጠሙ መሣሪያዎች ጉዳይ አለ። ዚም የመሳሰሉት አገናኞች ማውስና ኪቦርድን ለኮንሶሉ ጆይስቲክ አስመስለው ያቀርባሉ። ተጫዋቹ የማውስን ጥራትና ለጆይስቲክ የታሰበውን እገዛ በአንድነት ያገኛል ማለት ነው። ክሮነስ ዜን የሚባለው መሣሪያ ደግሞ አስቀድመው የተጻፉ ትእዛዞችን በማስኬድ የጠመንጃን ንዝረት ማካካስን የመሰሉ ሥራዎች በራሱ ያከናውናል።

እነዚህ መሣሪያዎች ከኮንሶሉ ውጭ ስለሚሠሩ በቀላሉ አይታወቁም። ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 ማውስትራፕ የተባለ መከላከያ በሬይንቦው ሲክስ ሲጅ ላይ አስጀመረ። መከላከያው አገናኝ የሚጠቀመውን ተጫዋች ከማገድ ይልቅ፣ ትእዛዙ ወደ ጨዋታው የሚደርስበትን ጊዜ ያዘገይበታል። አክቲቪዥንም በዚያው ዓመት የኮል ኦፍ ዲዩቲ መከላከያ የሆነው ሪኮሼ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን እንዲለይ አድርጓል። ቁጥጥሩ የራሱ ጣጣ አለው፤ በተለመደው ጆይስቲክ መጫወት የማይችሉ አንዳንድ አካል ጉዳተኞችም አገናኝ ይጠቀማሉና።

ለአካል ጉዳተኞች ያለው ጥቅም

ጣቶቻቸውን እንደልብ ማንቀሳቀስ ለማይችሉ፣ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ወይም በአንድ እጅ ለሚጫወቱ ሰዎች የማነጣጠር እገዛ ጨዋታውን የመጫወትና ያለመጫወት ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀ የኤክስቦክስ መቆጣጠሪያ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2 ከ60 በላይ የተደራሽነት ምርጫዎች ሲኖሩት፣ ምልክቱን በራሱ በባላጋራው ላይ የሚያሳርፍ ምርጫ ከነዚህ አንዱ ነው። ይህ ጨዋታ በአንድ ሰው ብቻ የሚደረግ ስለሆነ እገዛው የሌላውን ተጫዋች ዕድል አይነካም። በሰዎች መካከል በሚደረግ ግጥሚያ ግን ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው ስለሚቀነስ፣ ተደራሽነትንና እኩል ውድድርን አብሮ ማስኬድ ይከብዳል።

ሌላ አማራጭ

ከሶፍትዌር እገዛ ውጭ ያለው የታወቀ አማራጭ መቆጣጠሪያውን ራሱን በማዘንበል ማነጣጠር ነው። በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ጋይሮስኮፕ የእጅን መዞር ለክቶ እይታውን በዚያው መጠን ያዞራል። እንደ ማውስ ሁሉ እጅ ሲቆም እይታውም ስለሚቆም ለጥቃቅን ማስተካከያ ከዘንግ ይሻላል። የኒንቴንዶው ስፕላቱን እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ይህን ዘዴ ዋና ማነጣጠሪያው አድርጎት ነበር፤ ፎርትናይትም እ.ኤ.አ. በ2022 የጋይሮ ምርጫዎቹን አስፍቷል። የኒንቴንዶና የፕሌይስቴሽን መቆጣጠሪያዎች ጋይሮስኮፕ ሲኖራቸው የኤክስቦክስ መደበኛ መቆጣጠሪያ ግን የለውም። በዚህ ምክንያት በሁሉም ኮንሶሎች የሚወጡ የተኩስ ጨዋታዎች ዛሬም በዋናነት የሚመኩት በዘንግና በማነጣጠር እገዛ ላይ ነው።