ፋሻ

ቁስል የሚታሰርበት ጨርቅና የጣሪያ ጠርዝ የሚሸፈንበት ጣውላ ስማቸው ከአንድ ሥር ይመዘዛል። በጣሊያንኛ «ፋሻ» ጥብጣብ ወይም መጠቅለያ ነው፤ ሥሩ ላቲን ነው። አናጺ «ፋሻ ቦርድ» ሲል የወራጆቹን ጫፍ ዙሪያውን የሚያስረውን ጣውላ ማለቱ ነው። ስሙ ሥራውን በትክክል ይገልጻል። የቅርብ ዘመዱ ኮርኒስ ግን ቦታ ቀይሯል፤ በጣሊያንኛ ከግንብ አናት ወጣ ያለ ጠርዝ የነበረው፣ እኛ ዘንድ ቤት ውስጥ ገብቶ ከራስ በላይ ተዘረጋ።

በጋምቤላ ክልል፣ ዲማ ውስጥ በሣር የተከደነ ቤት ፋሻ አያሻውም። ሣሩ ራሱ ከግድግዳው ርቆ ወርዶ ዝናቡን ይጥላል። ቆርቆሮ ሲመጣ ግን የወራጁ ጫፍ ለዝናብ ይጋለጣል፤ አሸንዳውም የሚታሰርበት ይፈልጋል።

ልኬቱ ላይ ብዙ ጣውላ ይባክናል። መጀመሪያ ሲባጎ ተወጥሮ የወራጆቹ ጫፍ በአንድ መስመር ይቆረጣል፤ ሜትር የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። የቤቱ ማዕዘን 90 ዲግሪ ከሆነ ሁለቱ ጣውላዎች በ45 ዲግሪ ተቆርጠው ይገጥማሉ። ታዲያ የውጩ ፊት ከውስጡ ይረዝማል። የጣውላው ውፍረት 2.5 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ በወራጆቹ ጫፍ 8 ሜትር የተለካው ጎን በውጭ 8.05 ሜትር ይሆናል። ባለ 4 ሜትር ሁለት ጣውላ አይበቃም ማለት ነው! መቀጠያውም ወራጅ ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት፤ በሁለት ወራጆች መካከል ከዋለ ምስማሩ የሚይዘው እንጨት አያገኝም።