ከሙት ናሙና ወደ ሕያው ሕዋስ፦ የነርቭ በሽታዎች መድኃኒት ፍለጋ ታሪክ

የአንጎልን ሕዋሶች ከጊዜ ወደ ጊዜ እያመነመኑ የሚገድሉትን በሽታዎች መንስኤ ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ጥረት ሲደረግ ቆይቷል። የዚህም ጥረት ታሪክ ከማይክሮስኮፕ ታሪክ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1873 ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ የነርቭ ሕዋስን በብር ውሕድ አጥቁሮ ለማየት የሚያስችል ዘዴ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1906 ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር የማስታወስ ችሎታዋን አጥታ የሞተች የአንዲት ሴት አንጎል በተመሳሳይ የብር ማቅለሚያ ሲመረምር፣ በሕዋሶቹ ውስጥ የተወሳሰቡ ክሮችን፣ በሕዋሶቹም መካከል የተከማቸ ባዕድ ነገር ተመለከተ። በታመመ አንጎል የሚገኝ የፕሮቲን ክምችት ሕዋስ ገዳይ ነው የሚለው ግምት ውሎ አድሮ በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ ሰፈነ። ይሁን እንጂ ናሙናው የሚወሰደው ከሞተ ሰው በመሆኑ፣ ክምችቱ የሕዋሱ ሞት ምክንያት ይሁን ወይስ ሕዋሱ ራሱን ለማዳን ያደረገው ትግል ምልክት፣ ለይቶ ማወቅ አዳጋች ነበር።

ይህን ጥያቄ ለመፍታት በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው በግላድስቶን ተቋም ስቲቨን ፊንክባይነርና ባልደረቦቹ በራሱ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አዘጋጁ። መሣሪያው በየጊዜው ወደዚያው ሕዋስ እየተመለሰ ፎቶግራፍ ስለሚያነሣ፣ የእያንዳንዱን ሕዋስ ዕድል መከታተል ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ውጤት ከተለመደው ግምት የተለየ ነበር፤ የሀንቲንግተንን በሽታ የሚያመጣውን ፕሮቲን ከያዙት ሕዋሶች መካከል፣ ክምችት የሠሩት ካልሠሩት ይልቅ የመሞት አደጋቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ክምችቱን ብቻ ለማጥፋት የታሰበ መድኃኒት የሕዋሱን መከላከያ ሊያፈርስ ይችላል ማለት ነው።

ፎቶግራፎቹ እጅግ ስለበዙ በሰው ዓይን ብቻ መርምሮ መጨረስ የማይቻል ሆነ። ስለሆነም ተቋሙ ከጉግል ባለሙያዎች ጋር በመተባበር፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልቀለመ ሕዋስን ምስል አይቶ የአስኳሉን ስፍራና የሕዋሱን ሕያውነት ወይም ሙትነት ሊተነብይ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2018 አሳየ። ቀለም ሕዋስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ይህ ዘዴ አያሌ ውሕዶችን በሕያው ሕዋስ ላይ ለመፈተን የሚረዳ ነው። መሣሪያው ግን ትንበያውን የተማረው ሰዎች አስቀድመው ካቀለሟቸው ምስሎች መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

እነዚህን በሽታዎች ፈጽሞ የሚፈውስ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። የሳይንስ መምህራን ከዚህ ታሪክ ለተማሪዎቻቸው ሊያስተላልፉት የሚገባው ቁም ነገር፣ ከጥፋት ስፍራ የተገኘ ሁሉ ጥፋተኛ አለመሆኑን ነው። በዓመት መጨረሻ በሚሰጥ አንድ ፈተና ብቻ የትምህርትን ድካምና ፍሬ ለሚመዝኑ የዕቅድ ባለሙያዎችም ሂደቱን ከመነሻው የመከታተል ጥቅም ግልጽ ነው።